ልጄ የእንጨት ፐዝሉን ይወረውረዋል፤ ወደኋላ ቀርቶ ይሆን?

ጥያቄ፦ ወንድ ልጄ 22 ወሩ ነው። ያለ ስልክ አይበላም። ስልኩን ስነጥቀው ቤቱን በጩኸት ያናውጠዋል። አሜሪካ ያለችው እህቴ ይህን ሰምታ 26 የእንግሊዝኛ ፊደላት ያሉት የእንጨት ፐዝል (ቁራጮቹ በየማረፊያቸው የሚገጠሙበት ገበታ) ላከችለት። እሱ ግን ፊደላቱን እያወጣ ይወረውራቸዋል፤ ያልወረወረውን ያኝከዋል። አንዱንም መልሶ አስገብቶ አያውቅም። የጎረቤቴ ልጅ በዚህ ዕድሜው ይገጥም ነበር አሉኝ። ልጄ ወደኋላ ቀርቶ ይሆን? ሌላ ልግዛለት ወይስ ነገሩ ይቅርብኝ? የፐዝሉ ቀለምስ አይጎዳውም?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ልብሽ ይረፍ። በጻፍሽው ውስጥ ልጅሽ ወደኋላ ቀርቷል የሚያሰኝ ነገር አላየሁም። ፐዝሉ ነው ቀድሞት የሄደው።

ሥራዬ ከትንንሽ ልጆች እጅ ጋር ነው። እጅና ዓይን እንዴት እንደሚግባቡ ሳይ እውላለሁ። ያንቺ ዓይነት ጥያቄ ደግሞ ከደጄ አይጠፋም። ፐዝል ተገዛ፣ ልጁ ወረወረው፣ እናት ደነገጠች። የጎረቤት ልጅ ነገር ይቆየን። የጎረቤት ልጅ ሁልጊዜ ቀድሞ የሄደ፣ ቀድሞ ያወራ፣ ቀድሞ ጥርስ ያበቀለ ነው።

እስቲ ልጅሽ ምን እያደረገ እንደሆነ ቀረብ ብለን እንየው። ፊደሉን ከማረፊያው አወጣ ብለሻል። እዚህ ላይ ቆም በይ። ቀጭን እንጨት በጣት ቆንጥሮ ከገበታ ማንሳት ቀላል አይደለም። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ተስማምተው መሥራት አለባቸው። ይህን ችሏል። ማውጣት ደግሞ ከማስገባት ይቀድማል። ቤታችሁ ውስጥ መሳቢያውን የሚያራግፈው ማን እንደሆነ፣ የሚመልሰውስ ማን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ከዚያ ወረወረው። እንጨቱ ሴራሚኩን ሲመታ ጮኸ። አንቺም ዞር ብለሽ አየሽው። በአንድ ውርወራ ድምፅም እናትም አገኘ። ለ22 ወር ልጅ ይህ ከበቂ በላይ ጨዋታ ነው። ማኘኩም ያው ነው፤ በዚህ ዕድሜ አፍ ገና ከመመርመሪያነት ጡረታ አልወጣም።

አሁን ገበታውን በእሱ ዓይን እይው። ከፊቱ 26 ጉድጓድ አለ። በእጁ አንድ ፊደል ይዟል። ለዚያች ፊደል ትክክለኛው ቦታ አንድ ነው፤ 25ቱ ስህተት ናቸው። ቦታውን ቢያገኘው እንኳ ፊደሏን በትክክል አዙሮ ማቅረብ አለበት። ‹አር› የምትባለዋ ፊደል የምትገባው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ትንሽ ከተጣመመች አለቀላት። ክብን ግን እንዴትም አድርገሽ ብትይዣት ትገባለች። ካሬ አራት መንገድ አለው። ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን ደግሞ ሦስት መንገድ አለው። ለዚህ ነው ልጆች መጀመሪያ ክብን፣ ቀጥሎ ካሬን፣ ከዚያ ሦስት ማዕዘንን የሚገጥሙት። ብዙዎቹ ክቧን በ18 ወር አካባቢ ያስገቧታል። ሦስቱን ቅርጾች ለይቶ ማስገባት የሚመጣው ሁለት ዓመት ገደማ ነው። ‹አካባቢ›ና ‹ገደማ› ማለቴን ልብ በይ። የወራት ልዩነት አያስደነግጥም።

በቅርቡ አንዲት የ23 ወር ልጅ ፊቴ ተቀምጣ ከሦስት ማዕዘን ጋር ስትታገል ነበር። ሹሏን ጫፍ በጠፍጣፋው በኩል አድርጋ ጫነቻት። አልገባችም። በመዳፏ መታቻት። አልገባችም። አነሳቻት፣ አገላብጣ አየቻት፣ አፏ ከተተቻት፣ መልሳ አወጣቻት። እናቷ ልታግዛት እጇን ስትዘረጋ በዓይኔ ከለከልኳት። ልጅቷ እንጨቷን መልሳ አስቀመጠችና በጣቷ ገፋ ስታደርጋት ትንሽ ዞረች። ጫፏ ማረፊያው ውስጥ ወደቀች። ‹ቷ› አለች። ልጅቷ እኔንም እናቷንም ቀና ብላ አላየችም። አወጣቻትና እንደገና ሞከረች። ሦስተኛው ላይ እንጨቷ ገበታውን ሳትነካ በፊት የልጅቷ የእጅ አንጓ ዞረ።

ያቺን የአንጓ መዞር ነው የምንፈልጋት። ጣቷ እስኪገፋት ሳትጠብቅ ዓይኗ ቀድሞ አወቀ ማለት ነው። ይህ ከሆነ በኋላ እናትየዋ ‹ጎበዝ!› ብላ አጨበጨበች። ልጅቷ ደንግጣ ተወችው። (ጭብጨባ በልኩ ቢሆን ደስ ይለኛል። ልጅ ሥራ ላይ ሲሆን እንደማንኛውም ሠራተኛ መረበሽ አይወድም።)

‹በስልክስ ፐዝል ጨዋታ አለ አይደል?› የሚሉኝ ወላጆች አሉ። አለ። ግን አንድ ቀን ልብ ብለሽ እይው። ልጁ ቁራጯን በአንድ ጣት እየጎተተ ወደ ቦታዋ ሲያስጠጋት ጨዋታው ራሱ ይስባትና ይገጥማታል። ርችት ይተኮሳል፣ ሙዚቃ ይዘፈናል። አብዛኞቹ ቁራጯን ማዞርም አይጠይቁም። ልጁ ግማሽ መንገድ ሄዶ ሙሉ ጭብጨባ ይወስዳል። እንጨት ግን ይሉኝታ የለውም። ካልገባ አልገባም። ሲገባም አይጨፍርም፤ ‹ቷ› ይላል፣ በቃ።

ይህ ነገር አዲስ ግኝት እንዳይመስልሽ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኤድዋር ሴጋን የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም የአእምሮ እድገታቸው የዘገየ ልጆችን ሲያስተምር ቅርጾች የሚገጠሙበት የእንጨት ገበታ ይጠቀም ነበር። ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ የሱን ሥራ አጥንታ በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንዞ በተባለው የድሆች ሰፈር የልጆች ቤት ከፈተች። ከመሣሪያዎቿ አንዱ በጉጣቸው (አናታቸው ላይ በተተከለች ትንሽ መያዣ) የሚነሱ አሥር የእንጨት ሲሊንደሮች በየጉድጓዳቸው የተደረደሩበት ወፍራም እንጨት ነው። አንዱ በተሳሳተ ቦታ ከገባ መጨረሻ ላይ አንዱ ቦታ ያጣል። አስተማሪ ‹ተሳስተሃል› ማለት አያስፈልጋትም። እንጨቱ ይናገራል። ጉጡ ደግሞ በሦስት ጣት የሚያዝ ነው፤ ኋላ እርሳስ በሚያዝባቸው በእነዚያው ሦስት ጣቶች።

አሁን ወደ ስልኩ ልምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ልጆች ተቀምጦ ስክሪን ማየትን አይመክርም። ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት ጣሪያው በቀን አንድ ሰዓት ነው፤ ካነሰ ይሻላል ይላል። ከእህትሽ ጋር በቪዲዮ መደወሉን ግን እዚህ ውስጥ አትቁጠሪው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም የቪዲዮ ጥሪን ለይቶ ይፈቅዳል። አክስት ትስቃለች፣ ስሙን ትጠራለች፣ ሲመልስላት ትመልስለታለች።

መመሪያውን የጠቀስኩት ልወቅስሽ አይደለም። ሁለት ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ የገባ ሰው፣ ምጣዱ ተጥዶ ልጅ እግሩ ሥር የሚያለቅስበት ሰው፣ ስልኩን የሚሰጠው ቸግሮት ነው። እኔም ልጆች አሳድጌያለሁ።

ግን ፐዝል ሻጮች የማይነግሩሽን ልንገርሽ። ፐዝል ስልክን አይተካም። ስልኩ 40 ደቂቃ ይገዛልሻል። ፐዝል በዚህ ዕድሜ አራት አምስት ደቂቃ ከያዘልሽ ተመስገን ነው፤ ያውም አንቺ አጠገቡ ቁጭ ብለሽ። ‹ፐዝል ገዝቼ ልረፍ› ብለሽ አስበሽ ከሆነ ታዝኛለሽ።

ስለዚህ ምግቡንና ፐዝሉን ለያያቸው። በምግብ ሰዓት ስልክ ነጥቀሽ ፐዝል ብትሰጪው ሽሮ የጠጣ ፐዝል ነው የሚተርፍሽ። ከስልኩ መላቀቁን ከአንድ ማዕድ ጀምሪ። ለምሳሌ ከቁርስ። አንቺም አብረሽው ብይ፤ ያንቺም ስልክ ከጠረጴዛው ይነሳ። ቁራሹን ራሱ ይያዝ፣ ይጨማለቅ። ጥቂት ቀን ያለቅሳል፣ ትንሽ ይበላል። ጤነኛ ልጅ ከሆነ ሲርበው ይበላል። ቁርሱ ሲለምድ ወደ ምሳው ሂጂ። ፐዝሉን ደግሞ ከቀን እንቅልፉ ተነስቶ፣ ሆዱ ሞልቶ፣ ፊቱ ፈካ ሲል አውጪው። ሲጨርስ ወይም ሲሰለች አንሺው። ቀኑን ሙሉ ወለል ላይ የዋለ ፐዝል ድንጋይ ማለት ነው፤ ማንም አያየውም።

አብረሽው ስትቀመጪ ምን ታደርጊያለሽ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ወይ ሁሉንም ራሱ ይገጥምለታል፣ ወይ ዝም ብሎ ያየዋል።

ቁራጯን ማረፊያዋ አፍ ላይ አስጠጊለት። የመጨረሻዋን ግፊት ለእሱ ተይለት። ‹ቷ› ስትል የሱ ሥራ ነው። ይህን በደንብ ሲለምደው ቁራጯን ትንሽ ጠመም አድርገሽ አስቀምጪለት፤ እሱ ያቃናታል። ኋላ ደግሞ ገበታው ላይ ብቻ ተይለት። እንዲህ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየተመለሰ የሚማር ልጅ በየዙሩ በስኬት ነው የሚጨርሰው። ከቻለም መወርወሩ ይቀንሳል፤ ብዙ ጊዜ የሚወረወረው አልሆን ያለ ነገር ነው።

ቀጥሎ አፍሽን ክፈቺ። ‹አዙራት›፣ ‹ገልብጣት›፣ ‹ገፋ አድርጋት›፣ ‹ጥጓ ወዴት ነው?›፣ ‹ጫፏ ወጥታለች›፣ ‹ይቺ ትሰፋለች›። እኛ ብዙ ጊዜ ‹ይሄ ምንድነው? ቀለሙ ምንድነው?› እያልን ልጁን ፈተና እናስቀምጠዋለን። እጁ እየሠራ ያለውን በቃል አጅቢው። ቃሉና ድርጊቱ አንድ ላይ ሲመጡ ቃሉ ይቀራል። ‹አዙራት› የሚለውን ከስክሪን ሺህ ጊዜ ቢሰማው እጁ ውስጥ የሚዞር ነገር ከሌለ ምን ያደርግለታል?

ፐዝል ምን እንደሚጠቅም ያጠኑም አሉ። የሱዛን ሌቪንና ባልደረቦቿ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በ2012 እ.ኤ.አ. ታትሟል። 53 ልጆችን ከ26 እስከ 46 ወር ዕድሜያቸው እቤታቸው እየሄዱ ከወላጆቻቸው ጋር ሲውሉ ተከታተሏቸው። ማንም ‹ፐዝል ተጫወቱ› አላላቸውም። አራት ዓመት ተኩል ሲሞላቸው ቅርጾችን በሐሳብ የማዞርና የማገጣጠም ፈተና ሰጧቸው። ፐዝል ሲጫወቱ የታዩት ካልታዩት የተሻለ ሠሩ። ልዩነቱን ያመጣው ፐዝሉ ብቻ ነው ለማለት ግን ይህ አይበቃም። በዚያው ጥናት ወንዶቹ ከሴቶቹ ከበድ ያለ ፐዝል ይጫወቱ ነበር፤ ወላጆቻቸውም እንዲህ ያሉ የቅርጽና የቦታ ቃላትን ለእነሱ የበለጠ ይጠቀሙ ነበር። ሴት ልጅ ያላችሁ፣ ‹አዙሪያት›ንም በደንብ በሉ።

ወደ ቀለሙና ወደ ማኘኩ ልሂድ። መጀመሪያ የማየው መጠኑን ነው። በአሜሪካ ሕግ ሦስት ዓመት ላልሞላቸው ልጆች በሚሠራ መጫወቻ ላይ፣ ወርዷ 3.17 ሳንቲ ሜትር በሆነች ቱቦ መሰል መለኪያ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ቁራጭ አይፈቀድም። ምክንያቱ ማነቅ ነው። እቤት ውስጥ ሶፍት በሚጠቀለልበት የካርቶን ቱቦ መሞከር ትችያለሽ። የሶፍቱ ቱቦ ከመለኪያው ሰፋ ስለሚል ጥንቃቄው ይበልጣል። ቁራጩ ሹልክ ብሎ ከገባ አይሰጠው። ፊደላቱን አንድ በአንድ ሞክሪ፤ በተለይ ‹አይ› የምትባለዋን ቀጭኗን። የውሃ ፕላስቲክ ክዳንም በዚህ ፈተና ይወድቃል፤ ስንቱ ቤት መጫወቻ እንደሆነ ግን አይቻለሁ። ቁራጮቹ ላይ የተተከለ ጉጥ ካለም በጥፍርሽ ነቅነቅ አድርጊው። የሚነቀል ከሆነ አሁኑኑ አንቺ ንቀይው።

ቀለም ላይ የሚፈራው እርሳስ ነው። የምንጽፍበትን ማለቴ አይደለም፤ ብረቱን ነው። የአእምሮ እድገትን ይጎዳል፣ የሚያኝክ ልጅ ደግሞ ዋና ተጋላጭ ነው። የአሜሪካ ሕግ በመጫወቻ ቀለም ውስጥ ከሚሊዮን 90 እጅ በላይ እርሳስ አይፈቅድም። ኢትዮጵያም በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣ ደንብ ለቀለም ይህንኑ ጣሪያ አስቀምጣለች። ደንብ መኖሩ ግን መንገድ ላይ ተዘርግቶ የሚሸጠውን እያንዳንዱን መጫወቻ አያጣራልሽም። እህትሽ የላከችው ካርቶኑ ላይ የአምራቹ ስምና የዕድሜ ምልክት ካለው ይሻላል። ነጭ ጨርቅ በውሃ አርጥበሽ እሺው። ቀለም ከለቀቀ ወይም ከተላላጠ አፍ አይግባ። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ቢቀር እርሳስ የለበትም ማለት ግን አይደለም፤ ይህን ዓይን አያየውም።

ለዚህ ነው ያልተቀባ እንጨት የምወደው። ሰፈርሽ አናጢ ካለ ዋንዛ ቁራጭ አያጣም። ሦስት ቅርጽ ይቁረጥልሽ፤ ክብ፣ ካሬ፣ ሦስት ማዕዘን። እያንዳንዱ ወርዱ ስምንት ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ውፍረቱ ሁለት ይሁን። ማረፊያው አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ይጥለቅ። ቁራጩ ግማሽ ወደ ላይ ስለሚተርፍ ጉጥ አያስፈልገውም፤ የሚነቀል ነገርም የለም። ዙሪያውን ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተውለት። አናጢ ይህን ሲሰማ ቅር ይለዋል፤ ‹እመቤቴ፣ ይላላል› ይልሻል። ይላላ። ጥብቅ ብሎ የሚገጥም ለቁም ሳጥን ነው። ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ለስልሶ ጉንጭሽ ላይ ስትሞክሪው እንዳይቧጥጥሽ። ቫርኒሽ አይቀባ። ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራው ሰሌዳ) አይሁን፤ ሲታኘክ ያብጣል፣ ይበጣጠሳል። ሲቆሽሽ በረጠበ ጨርቅ ጠርገሽ ጥላ ላይ አድርቂው። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ ፀሐይ ላይ ካሰጣሽው ይጣመማል፤ በማግስቱ ክቧም አትገባ።

አናጢም ካልተገኘ ኩሽናሽ አለ። ሦስት ድስት በሦስት መጠን ከነክዳናቸው መሬት ላይ አስቀምጪለት። የትኛው ክዳን ለየትኛው ድስት? ሁሉም ክብ ስለሆኑ ማዞር አያስፈልግም፤ መጠን መለየት ብቻ ነው። ጩኸቱን ከቻልሽው ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም።

መቼ ልስጋ ትዪኝ ይሆናል። ሁለት ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል አጣምሮ ካልተናገረ፣ ወይም አሁንም ቢሆን የሚፈልገውን በጣቱ ካላሳየሽ፣ ስትጠሪው ካልዞረ፣ ትንንሽ ነገር በጣቶቹ ማንሳት ካቃተው፣ ወይም አንዱን እጁን ብቻ ተጠቅሞ ሌላውን ችላ ካለው፣ ወይም ይችል የነበረውን ከተወው፣ ሐኪም ይየው። ፐዝል አለመግጠም ብቻውን እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም።

እህትሽ የላከችውን ግን አትጣይው። ነገ ከፊደላቱ ‹ኦ›ን አውጪ። 25ቱን ማረፊያቸው ላይ እንዳሉ በሰፊ ፕላስተር ጥብቅ አድርገሽ ለጥፊባቸው። አሁን የቀረው አንድ ጉድጓድና አንድ ቁራጭ ነው። ‹ኦ› ሙሉ ክብ ከሆነች በሁሉም በኩል ትገባለች። ሞላላ ከሆነች ሁለት መንገድ አላት፤ ለእሱ ይህም አይከብድም። አንድ ሳምንት በሷ ብቻ ይጫወት። ከዚያ ከአንድ ቦታ ፕላስተር አንሺና ሁለተኛ ፊደል ጨምሪ። ስማቸውን ጠርተሽ ማስጠናት አያስፈልግሽም፤ ለአሁኑ ቅርጽ ናቸው።

እህትሽ ሌላ ልላክ ካለችሽ ባለ ሦስት ቅርጽ ገበታ ትላክ። የአማርኛ ፊደል ፐዝል አይታ ልቧ ከሄደም ትግዛው፤ እዚያ የሚያድጉ የሐበሻ ልጆች ስላሉ የሚሠሩት አሉ። ግን 231 ፊደል የሞላበት ሰሌዳ ይቆይ። ቁም ሳጥኑ ላይ አውጥተሽ ሦስት ዓመት እስኪያልፈው አስቀምጪው። ሲደርስ ከ‹ሀ› አትጀምሪለት። መጀመሪያ ዓይኑን ‹ዐ› ስጪው፤ እሷም ክብ ናት።